የሣር ማጨጃዋ ርክክብ

ዲቦራዬ፣ ነይ ወደ ፀሐዩ ጠጋ በይ። ያ ጥላ ሥር ያለው ድንጋይ ገና ብርዱን አልለቀቀም፣ ወገብሽን ይይዝሻል። ልጆቹ ደኅና ናቸው? ሂልብሮው ያለው የፎቃችሁ ሊፍት ተሠራ ወይስ አሁንም ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ በእግር ነው? አይ ጆበርግ! ይኸው ጁን ገባና ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ መታየት ጀመረ። እናቴ ከሆሳዕና ደውላ «ክረምቱ እንዴት ነው?» ትለኛለች። ደረቅ ነው፣ ጠብታ የለም ስላት አታምነኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነገርኳት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አንቺ ደግሞ!» አለችኝ።

እስቲ ያንን ትልቁን ድስት አቀብዪኝ። እኔ ልፈትግ፣ አንቺ አለቅልቂልኝ። ለእድራችን አዲስ ስለሆንሽ ላስረዳሽ፤ ዛሬ የንብረት ርክክብ ነው። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ድስቱ፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ሣህኑ ሁሉ ይታጠብና እዚሁ ሜዳው ላይ፣ አባል ፊት፣ ተቆጥሮ ከአሮጌው ንብረት ያዥ ወደ አዲሱ ይተላለፋል። ድስት ከነክዳኑ፣ ጀበና ከነማስቀመጫው። የእኛ እድር እንዲህ ነው፤ ጭልፋ እንኳን ያለ ፊርማ ከእጅ ወደ እጅ አታልፍም። ከዚያ ሁሉም እዚያ በሩ ጋ ያለው ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበታል።

ያቺ ደግሞ የሣር ማጨጃችን ናት፣ ቀይ ወንበር ያላት። አየሻት? መኪና እኮ ናት፣ ላይዋ ተቀምጠሽ የምትነጂያት። ይህ ሜዳ ከኖቬምበር ጀምሮ ዝናብ ሲያገኝ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። እባብ ይገባበታል፣ ከማዘጋጃ ቤትም ማስጠንቀቂያ ይመጣብናል። ለቅሶ ስንቀመጥ፣ ሠርግ ስንደግስ የት እንሁን? ለዚህ ብለን ነው ከአራት ዓመት በፊት ያመጣናት። ዛሬ እሷም ለብርዱ ወራት ተዘጋጅታ ልትቀመጥ ነው። ሣሩ ስለማያድግ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ትተኛለች።

እና ዛሬ የሚያስተኛት… ሰው አለ።

ማን እንደሆነ አልናገርም። እኔ የሰው ስም ማንሳት አልወድም። ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ብዬ? ክፉ ነገር እያወራሁ ነው እንዴ? ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ይስማ እንጂ! ምስጋናውን ቢሰማ ምን ይጎዳዋል?

መጀመሪያ አለባበሱን ተመልከቺልኝ። ክራባት! የማሽን ዘይት የሚቀይር ሰው ክራባት አስሮ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላው ቢሆን ቱታ ያጠልቃል፤ ግን ቱታ ለብሶ ማን ያየዋል? … ማን ያከብረዋል ማለቴ ነው። ጓንቱንስ አየሽው? ነጭ። ሸፊቃ፣ ያቺ ሣህን የምትቆጥረው፣ ከሩቅ አይታው «የጥርስ ሐኪም ጠራችሁ እንዴ?» አለችኝ። ሰውን በአለባበሱ መተቸት ነውር ነው ብዬ ተቆጣኋት። ግን ቀስ ብዬ ነው የተቆጣኋት፣ እየሳቅኩ ስለነበር።

በእጁ የያዘው ደግሞ የማሽኗ መመሪያ ነው። ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ፕሪንት አስደርጎ፣ በፕላስቲክ አስጠርዞት መጣ፤ ስድሳ አራት ገጽ። የአሜሪካኖች መመሪያ ነው አሉ። «የመጀመሪያው በረዶ ከመጣሉ በፊት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ለዚህ ነው ጠዋት ከመኪናው እንደወረደ ቀና ብሎ ሰማዩን ሲያይ የቆየው። ሰማዩ እንደምታዪው ነው፣ አንዲት ደመና የለችበትም። ግን ሰውየው ጠንቃቃ ነው፤ መመሪያው በረዶ ይመጣል ካለ እዚህ ቴምቢሳ አጠገብም ቢሆን በረዶውን ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ሰው ስንት እድር አለው?

ቀስ ብለሽ አለቅልቂ፣ ክዳኑ እንዳይጫጫር። ቆጠራ ላይ ይጻፍብናል።

ሀቢሶ እንዲህ አልነበረም። ባሌ ነው ብዬ አላዳላለትም፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሀቢሶ አራት ዓመት ሙሉ ንብረት ያዥ ሆኖ አንዲት ገጽ አላነበበም። ምን ያድርግ፣ ያልተማረ ሰው በጆሮው ነው የሚሠራ። ድምፅዋን ያዳምጥና «ካንዴላዋ ደክሟል» ይላል፣ ይቀይርላታል፣ ትነሳለች። ኋላ ቀርነት እኮ ነው! ክራባትም የለ፣ ጓንትም የለ። ትነሳለች፣ በቃ።

ሱቃችንን አላየሽውም አይደል? ስፓዛ የሚሏት የቆርቆሮ የሰፈር ሱቅ ናት፣ ፊቷ ከላይ እስከ ታች ብረት። ሀቢሶ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከዚያ ብረት ጀርባ ነው። ዳቦውንም የስልክ ኤርታይሙንም በአንዲት ቀዳዳ ያቀብላል። ሁለት ጊዜ ሽጉጥ የገባበት በዚያችው ቀዳዳ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ እዚህ ይመጣና በዚያች ቀይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሜዳውን ይዞራል። ብረት የለ፤ «ማይ ፍሬንድ፣ ሲጋራ አንድ» የሚለው የለ፤ ፊቱ ላይ ፀሐይ ብቻ። ሣሩ አልቆ እንኳን ደግሞ ይዞራል። «ሀቢሶ፣ ጨርሰሃል እኮ» ስለው «ጥጉ ቀርቷል» ይለኛል። የቀረ ጥግ አልነበረም፣ ዲቦራ። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ታዲያ ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ አንድ የተማረ ሰው ተነስቶ «የእድር ንብረት በእውቀት እንጂ በልምድ አይያዝም። መመሪያ ያላነበበ ሰው እንዴት ማሽን ይነዳል?» ብሎ ጠየቀ። እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ ነው! ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ሳላውቀው አጨበጨብኩ፣ እጄን እስካሁን አልማርኩትም። ሀቢሶ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድም ሱቅ ይከፍታል። ዛሬም እዚያው ብረቱ ጀርባ ነው… ሸሚዙን ግን ትናንት ተኩሶ ሰቅሎት ነበር። ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። አለቀስኩም። ግን ይህ የቤቴ ጉዳይ ነው፣ ከሰውየው እውቀት ጋር ምን ያገናኘዋል? ቁልፉ እንደሆነ ይኸው በክር በአዲሱ ንብረት ያዣችን አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ከክራባቱ ጋር ያምርበታል። ደረቱ ሰፊ ነው፣ ገና ሌላ ነገር ይሸከማል።

እይ እይ፣ ተጀመረ! ጋሽ ዱካሞ ወንበር ይዘው ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ሊቀመንበራችን ናቸው፣ መዝገቡን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ሰውየው ምን እንዳላቸው ሰማሽ? ማሽኗም እንደ ድስቱ ከነክዳኗ ትቆጠር አለ! «በደፈናው ማጨጃ አንድ ተብሎ አይጻፍም፤ ለክረምት የሚነቀለው ሁሉ ተነቅሎ አባል ፊት ይቆጠር።» እንዴት ያለ ታማኝ ሰው ነው። እኛ ደንቆሮዎቹ አራት ዓመት ሙሉ «ማጨጃ፣ አንድ» ብለን ስንጽፍ ኖርን። ግማሿ ተሰርቆ ቢሆንስ? በምን እናውቅ ነበር?

ቤንዚኑን ቀዳ። ይህ ልክ ነው፣ ለወራት ሲቀመጥ ይበላሻል፣ ሀቢሶም ያወጣው ነበር። «ቤንዚን፣ አንድ ጀሪካን።» ጻፉ። ጀሪካኑን ለማን ሰጠው? ድንኳን ሊያመጣ ዱርንፎንቴን ለሚሄደው ባኪ፣ ለዚያ ፒክአፕ መኪና ነው። ይኸው ባኪው ወጣ። ቸርነቱ! አሁን ዘይት። ጥቁሩን አፈሰሰ… ሸሚዙ እጅጌ ላይም ትንሽ አፈሰሰ… አዲሱን ሞላ። ካንዴላዋን ፈታና በቀዳዳዋ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገላት፣ ጆሮው እንዳመመው ሕፃን። ቢላዎቿን ደግሞ አውጥቶ በዘይት አሸና በጋዜጣ ጠቀለላቸው። ከሥሯ የተጣበቀውን ሣር የሚፍቀው በምንድን ነው? … በጥርስ ብሩሽ! ሸፊቃ ይህን እንዳታይ፣ የጥርስ ሐኪም ያለችው ልክ ነበር ልትለኝ ነው።

ቆይ፣ ባትሪዋን የት እየወሰዳት ነው? መመሪያው «ሙቅ ቦታ ይቀመጥ» ብሎ ይሆናል። ጋቢውን አወጣ። ጠቀለላት። መኪናው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ዲቦራ… ቀበቶ እያሰረላት ነው! አትሳቂ፣ አትሳቂ፣ ይሰማሻል። ሚስቱ ሲመለሱ የት ልትቀመጥ ነው? ከኋላ መሆኑ ነው። ለነገሩ እሷ ብርድ ለምዳለች።

«ባትሪ፣ አንድ። ካንዴላ፣ አንድ። ቢላ፣ ሁለት። ቁልፍ፣ አንድ።» ፈረመ። ጋሽ ዱካሞም ፈረሙ። ማኅተም ተመታ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ የማላጨበጭበው እጄ አረፋ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ያ ሁሉ ነጭ ጓንት ከሰል የጫነ መሰለ እንጂ ሥራውስ አምሯል። ማሽኗ ከዚህ በላይ ለክረምት ልትዘጋጅ አትችልም። እንኳን የጆበርግን፣ የአሜሪካንም ክረምት ትችላለች።

ዲቦራ… እስቲ ቀስ ብለሽ ዙሪና እይ። ማጨጃዋ የት ናት? ዛፉ ሥር፣ ሜዳው መሀል። ኮንቴይነሩስ? በሩ ጋ፣ ያውም ዳገቱ ላይ። እስቲ በዓይንሽ ለኪው። ሁለት መቶ እርምጃ ነው ወይስ ሁለት መቶ ሃምሳ?

ዝም በይ፣ ወንበሯ ላይ ወጣ። ቁልፉን ከአንገቱ ሳያወልቅ ጎንበስ ብሎ ከተተው። አዞረ።

…

እንዴት ደስ የሚል ፀጥታ ነው። ወፎቹ ሁሉ ይሰማሉ። ደግሞ አዞረ። ምን ነካት? እኔ እንግዲህ መመሪያ አላነበብኩም። ቤንዚኗ መንገድ ላይ፣ ካንዴላዋ መዝገብ ላይ፣ ባትሪዋ ጋቢ ለብሳ ቀበቶ አስራ መኪና ውስጥ ሳለች የማትነሳበትን ምክንያት የተማረ ሰው ይመርምረው። ሀቢሶ መጀመሪያ ነድቶ ያስገባትና የሚፈታውን እዚያው ኮንቴይነሩ ውስጥ ነበር የሚፈታው። እዚያ ግን ጨለማ ነው፣ ማንም አያይም። ማንም ካላየ ደግሞ እውቀት ምን ያደርጋል?

ጋሽ ዱካሞ «መልሰህ ግጠማት» አሉት። ቤንዚንም ከመኪናህ ቅዳ አሉት። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ከተፈረመ በኋላ መልሶ መግጠም ርክክቡን ያፈርሰዋል።» አየሽልኝ ሕግ አክባሪ! ጋሽ ዱካሞ ፊርማቸውን አዩት፣ ማኅተሙን አዩት፣ ሰማዩንም አዩት። «ታዲያ ምን ይሁን?» ሲሉት «ትገፋ» አለ። ልክ ነው። መግፋትን የሚከለክል ደንብ የለንም።

ተነሱ። አሥር ሰው ይሆናሉ። ሸፊቃም ሣህኗን ትታ ቀሚሷን ሰብስባ ተሰለፈች። ጋሽ ዱካሞም በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከኋላ ያዙ። ሰውየውስ? «መሪውን የሚይዝ ያስፈልጋል» ብሎ ከወንበሯ አልወረደም። ይገባል! አሥር ሰው ገፍቶ መሪ የሚይዝ ከሌለ የት ይደረሳል? «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» የሚለው እሱ ነው። ድምፁ ያምራል።

አልተነቃነቀችም። ጎማዋ እንደተቸነከረ ነው። «በደንብ ግፉ እንጂ!» አላቸው። ደግሞ ሞከሩ… ወይኔ፣ ጋሽ ዱካሞ ወገባቸውን ያዙ። ዲቦራ፣ እኒህ ሰው እኮ ጆበርግ ስገባ ከነሻንጣዬ ቤታቸው የተቀበሉኝ ናቸው። ምን ላድርግ? ለንብረት ያዥ የማሽን ትምህርት ልስጥ? ማን ጠየቀኝ?

ግዴለም፣ ለአንቺ ግን አንድ ተራ ወሬ ላውራሽ። ድምፄን ከፍ የማደርገው ውኃው ስለሚንጫጫ ነው፣ እንዳያመልጥሽ። ሀቢሶ፣ ያ ያላነበበው፣ ሞተሯ ጠፍቶ ሊገፋት ሲፈልግ፣ ከበስተኋላዋ፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ያለች ጥቁር ዘንግ አለች… እሷን ይስባት ነበር። አዎ፣ ወደ ውጭ። ለምን እንደሚስባት እኔ በምን አውቃለሁ? ያልተማረ ሰው ልማድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እኔና ልጄ ማራናታ ብቻችንን እንገፋት ነበር። ማራናታ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው።

… አየሽው? መመሪያውን ገለጠ። ሃምሳ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱን አስቀመጠ። «ይኸው አገኘሁት!» አለ። ተመስገን! ወረደ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ ጎነበሰ፣ ሳበ። ደብተሩን ገልብጦ ነው የያዘው፣ ሥዕሉ በጭንቅላቱ ቆሟል። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ በየትኛውም በኩል ያነባል። አሁን ወንበሯ ላይ ተመለሰ። ክራባቱን አስተካከለ። ግፉ!

ሄደች! እልል አትበዪ፣ ለሠርግ ቆጥቢው። ዳገቱን ተያያዙት። አየሽ አቀማመጡን? ጀርባው ቀጥ ያለ ነው። ጫማው አንዲት ሣር አልነካም። ሸፊቃ አንድ ጫማዋን ጥላ ነው የምትገፋው። እዚያ ማን መጣ? ባባ ንጓኔ ነው፣ የጎረቤቱ ቦታ ጠባቂ። ሳውቦና ባባ! … አጥሩ ላይ ተደግፎ ምን እንደሚለኝ ሰማሽ? «ያ ኢንኮሲያችሁ ነው?» ነው የሚለው። ንጉሣችሁ ነው ወይ ማለቱ ነው። አሥር ሰው ላቡ እየፈሰሰ አንዱን ከነወንበሩ ሲገፋ ያየ ሽማግሌ ሌላ ምን ይበል? «ዬቦ ባባ» ብዬ አዎ አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ እኮ! ከልቡ ነው የሚያወልቀው።

ገባች። እሰይ፣ ገባች። ጋሽ ዱካሞ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ እጃቸውን ዘረጉለት። እንዴት ያለ ደግ ሽማግሌ… አይ፣ ቆይ። ሰውየው ሊጨብጡት መስሎት እጁን ሰጣቸው። እሳቸው እጁን ለቀው ጣታቸውን ወደ አንገቱ ቀሰሩ። ክሩን ከነቁልፉ በጭንቅላቱ አሳልፎ አወለቀው… ክራባቱም አብሮ ተጠመዘዘ። ሰጣቸው።

ወዲህ ነው የሚመጡት። ድስቱን ያዢልኝ። ጋሽ ዱካሞ፣ ኧረ ይቀመጡ! ውኃ ልስጥዎ? … ቁልፉን ለእኔ? … እሺ። እሺ ጋሽዬ። ለሚመጣው እሑድ ይምጣ፣ መልሶ ይግጠማት፣ ማሽን ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብሎ አይተኛም፣ ሣር ባይኖርም አንዳንድ ዙር ያዙራት… እንዲህ በዪው ነው የሚሉኝ? እነግረዋለሁ። አሁኑኑ ሱቅ ሄጄ በቀዳዳዋ አቀብለዋለሁ። ምንም አልሆንኩም ጋሽዬ፣ ዓይኔ ውስጥ አረፋ ገብቶ ነው።

ዲቦራ፣ ጠጋ በይ፣ እንግዳ አለብን። ና ወንድሜ፣ ና፣ አትፈር! እጅህን ታጠብ። ሳሙናው ይኸውልህ፣ የድስት ነው ግን ሁሉን ያስለቅቃል። ውይ ጓንቱ! ደከመህ አይደል? እኛ እዚህ ስለ ብርዱ ስናወራ ነው የዋልነው፤ ስለ ማንም አላወራንም። ዛሬ ለእድራችን ያደረግከውን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። ሌላ የምሰጥህ የለኝም፣ ልመርቅህ። ጎንበስ በል። ጌታ እውቀትህን ያብዛልህ። ስምህ በሄድክበት ይጠራ። ከተቀመጥክበት ከፍ ካለው ወንበር ማንም አያውርድህ። እድሜህን ሙሉ፣ የትም ብትቆም፣ ምንም ብትፈታ፣ መሪህን ብቻ ይዘህ እንድትቀመጥ… ከኋላ ሆኖ የሚገፋህ ሰው አያሳጣህ።